በስሜ መካከል

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በፍርድ ቤቱ ጓዳ፣
የሰው ስም ስመታ፣ የሰው ክስና ዕዳ፣
አንዲት ፊደል ስቼ፣ አንዲት ነጥብ ጥዬ፣
ዳኛ ፊት አልቆምኩም፣ ይቅር በሉኝ ብዬ።

ዛሬ በእርጅናዬ፣ በጤና መድን ካርዴ ላይ፣
አንዲት ባዶ ቦታ አለች፣ ለቀበሌ ዓይን የማትታይ።
«አስካለ» ብላ ታቆማለች፤ ትንሽ አርፋ «ማርያም» ትላለች፤
ላሊሞን፣ የወለደኝን፣ ወደ አያትነት ትገፋለች።
እኔ አስካለማርያም ነኝ፣ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ቃል፤
የጡረታ ደብተሬም፣ የሐኪሙም ወረቀት፣ እንዲያው ይላል።

ሰኞ ሳይነጋ፣ ከአቶቴ በባጃጅ መጣሁ፤
ሪፈራል፣ ከመድን መስኮቱ ፊት፣ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ።
ሽማግሌው ሁሉ ተኮራምቶ፣ በአንድ እግሩ ተደግፎ፣
እንደ አሞራ ገደል አባ ኮዳ፣ ዓሣ አራጁን ይጠብቃል ተሰልፎ።

ከፊቴ አቶ ጩፋሞ፣ ጆሮውን ጨርቃ ጨርቅ ትቶ የወጣ፣
«መድን አለዎት?» ቢሉት፣ «መድኅንማ አለኝ» አለ፣
«በስድሳ ስምንት፣ ቤቴ ድረስ መጣ!»
ልዩነታቸው አንዲት «ኅ» ናት፤ ማረም ልማዴ ነበር፤
ያን ቀን ግን ዝም አልሁ፣ ደስ ብሎት ስላየሁ ሲናገር።

ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ካርዴን ከኮምፒዩተሩ አስተያየች፤
«እማማ፣ የካርዱ ሰው ሌላ፣ የማዘዣው ሌላ፤
ሁለት ሰው ናችሁ» አለች።
«ሁለት ከሆንን» አልኋት፣ «ደም ግፊቱ የማንኛችን ነው?
ስኳሩንስ ለማን እንስጠው?»
ሳቀች። ወረፋው ሁሉ ሳቀ።
ኪኒኑ ግን ከመደርደሪያው አልተላቀቀ።

መዋጮዬን በጥር ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ሳይታጠፍ አለ።
በቀበሌ ማክሰኞ ስብሰባ፣ ረቡዕ መብራት የለ፤
ሐሙስ ማኅተም ያዡ፣ አቶ ዱካሌ፣ ለቅሶ ዋለ።
ዓርብ «ኔትወርክ» አሉኝ፤ እኔ ኔትወርክ አላውቅም፤
እኔ የማውቀው መኪና፣ ጣት ካልደከመ አይደክምም።

በዚህ ሁሉ መሐል የቀሩኝ ኪኒኖች ዘጠኝ፤
በምላጭ ለሁለት ስከፍላቸው፣ አሥራ ስምንት ሆነው አታለሉኝ።
አንዷ ግን አልተከፈለችም፣ ፈርሳ ዱቄት ሆነች፤
ጣቴን አርሼ ለቀምኋት፤ መራራ ነበረች።
ከውጭ ልግዛ ብል፣ ፒያሳ ያለው ፋርማሲስት፣
የጡረታዬን እኩሌታ ጠራ፣
በትሕትና፣ በለስላሳ ድምፅ፣ ሳያመነታ፣ ሳይሳሳት።

ቅዳሜ ዕለት ቡናሮ ነበረ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ተረኛ፤
በሁለት ጣት ፊደል ይለቅማል፣ እንደ ዶሮ፣ እንደ ችግረኛ።
«ተነሥ እስቲ» አልሁት። ተነሣልኝ። ተቀመጥሁ፤
አሥሩን ጣቶቼን እንደ ጥንቱ በየቤታቸው አስቀመጥሁ፤
መታሁ። የወጣው ግን የማንም ቋንቋ አልነበረም፤
ያ ገበታ የእኔን ጣቶች ጨርሶ አያውቃቸውም።
«እማማ፣ ከማርያም በፊት ይቁሙ» አለኝ፤ «ይቺን ብቻ ይጫኑ።»
ተጫንሁ። አንዴ። ማርያምና አስካለ ተጠጉ፣ አንድ ቃል ሆኑ።
ላሊሞም፣ ከሞተ አርባ ዓመቱ፣ ከአያትነት ወርዶ፣
እንደገና ወለደኝ፣ በቡናሮ ማሽን ተገዶ።

በማግስቱ ሰኞ ልጅቷ ስሜን ጮክ ብላ አነበበች፤
«አሁን አንድ ሰው ሆኑ» ብላ ሳቀች።
የስኳሩን ሰጠችኝ፣ የሁለት ወር፣ ሙሉ፤
«የደም ግፊቱስ?» ብል፣ «አልቋል፤ ነገ ይመጣል ይላሉ።
ከውጭ ገዝተው ደረሰኝ ያምጡ፣ ይተካል» አለችና፣
ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ማኅተም መታችና።

ሐይቁ ዳር፣ ዋርካ ሥር፣ መነጽሬን ጠርጌ አየኋት፤
ለዳኛ እንደምታቀርብ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች መረመርኋት።
ስሕተት የላትም። ባዶ ቦታ የለም።
«ለአስካለማርያም ላሊሞ፦ መድኃኒቱ የለም።»